የውጭ አገር የመኪና ኪራይ፤ ቁልፍ መረከብና የመንዳት መብት ለየቅል ናቸው

ለንግድ ትርዒት፣ ለማሽን ግዢ ወይም ዕቃ ለመመርመር ወደ ውጭ የሚወጣ ነጋዴ በሄደበት አገር መኪና ተከራይቶ፣ ራሱ እየነዳ ጉዳዩን ለመፈጸም ማሰቡ እንግዳ ነገር አይደለም። ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ወጣ ብለው የተተከሉ ስለሆኑ በታክሲ መመላለሱ ኪስ ይጎዳል፤ ባቡሩም እስከ ፋብሪካው በር አያደርስም። በዚህ ምክንያት ኪራዩ አዋጪ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ መንገደኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው ‹‹በቀን ስንት ነው?›› የሚለውን ሲሆን፣ ውሎ አድሮ ዋጋ የሚያስከፍለው ሳይጠየቅ የታለፈው ሌላ ጥያቄ ነው። ይኸውም ‹‹በያዝኩት መንጃ ፈቃድ እዚህ አገር መንዳት እችላለሁን?›› የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልስ የሚሰጠው አካል አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የአገሩ ሕግ ሲሆን አስፈጻሚው ትራፊክ ፖሊስ ነው። ሁለተኛው አከራዩ ድርጅት ነው፤ የራሱ የውል ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ሦስተኛው ኢንሹራንስ ነው፤ እሱም አደጋ እስኪደርስ ድረስ ድምፁ አይሰማም። ከሦስቱ አንዱ ይሁን ማለቱ ሌሎቹን አያስገድድም። አከራዩ ቁልፍ ስለሰጠ ሕጉ ፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ፖሊስ ስላላስቆመም ኢንሹራንሱ ይከፍላል ማለት አይደለም። ስለሆነም ተከራዩ ሊያሟላ የሚገባው ከሦስቱ ጥብቅ የሆነውን መስፈርት ነው።

ዓለም አቀፉ ደብተር ምንድነው?

በተለምዶ ‹‹ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ›› የሚባለው ደብተር ስሙ ከሥራው በላይ የገዘፈ ሰነድ ነው። ብዙዎች ይህን የያዘ ሰው በማንኛውም አገር መንዳት የሚችል ይመስላቸዋል። እንዲያውም የአገር ቤቱን መንጃ ፈቃድ የሚተካ አድርገው የሚቆጥሩት አሉ። ሐቁ ግን ደብተሩ በመሠረቱ ትርጉም መሆኑ ነው። የባለፈቃዱን ስም፣ ፎቶግራፍና እንዲነዳ የተፈቀደለትን የተሽከርካሪ ዓይነት በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ገልጦ ያሳያል። የሚጸናውም ከዋናው መንጃ ፈቃድ ጋር አብሮ ሲያዝ ነው። ዋናው በቤት ተረስቶ ደብተሩ ብቻ ቢቀርብ ትርጉሙ ያለ ጽሑፉ ቀረበ እንደማለት ነው።

ደብተሩ የተወለደው ከመንግሥታት ስምምነት ነው። በዚህ ረገድ ሦስት ስምምነቶች ይጠቀሳሉ፤ እነሱም እ.ኤ.አ. የ1926 የፓሪስ፣ የ1949 የጄኔቫና የ1968 የቪየና ስምምነቶች ናቸው። የጄኔቫው መስከረም 19 ቀን 1949 ተፈርሞ በ1952 በሥራ ላይ ሲውል፣ የቪየናው ደግሞ ኅዳር 8 ቀን 1968 ተፈርሞ በ1977 በሥራ ላይ ውሏል (ቀናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የፓሪሱ በዛሬው ጊዜ ያለው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው።

ልዩነቱ የታሪክ ብቻ አይደለም፤ ኪስ ድረስ ይዘልቃል። በጄኔቫው ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ደብተር የሚያገለግለው ለ1 ዓመት ነው። በቪየናው መሠረት የሚሰጠው ደግሞ እስከ 3 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ሆኖም ዋናው መንጃ ፈቃድ ቀድሞ ካበቃ ደብተሩም አብሮ ያበቃል። ከዚህም በላይ አንዳንድ አገሮች በአንዱ ብቻ የታሰሩ ናቸው። አሜሪካና ጃፓን የጄኔቫው አባላት ሲሆኑ በቪየናው ውስጥ የሉም። ጀርመን የቪየናው አባል ስትሆን በጄኔቫው የለችበትም። እንግሊዝ ሁለቱንም ተቀብላለች፤ የቪየናውን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን የጸናባት ከመጋቢት 2019 ጀምሮ ነው። ሁለት አገሮች የሁለቱም ስምምነቶች አባላት በሚሆኑበት ጊዜ በመካከላቸው የሚሠራው የኋለኛው፣ ማለትም የቪየናው ነው።

በመሆኑም ‹‹ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አለኝ›› ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም። ተከታዩ ጥያቄ ‹‹በየትኛው ስምምነት የተሰጠ?›› የሚለው ነው። ይህም ከደብተሩ ሽፋን ላይ ይነበባል።

አገር በአገር

የነጋዴው ጉዞ ወደ ጣሊያን ነው እንበል። የጣሊያን የመንገድ ሕግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሆነ አገር የተሰጠን መንጃ ፈቃድ የሚቀበለው ከዓለም አቀፉ ደብተር ጋር ወይም ከታወቀ የጣሊያንኛ ትርጉም ጋር ሲቀርብ ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መሆኑ እዚህ ላይ ጉዳዩን አይፈታም፤ ሕጉ የሚፈልገው ጣሊያንኛ ነውና። የአከራዩ ሠራተኛ እንግሊዝኛውን አንብቦ መኪናውን ሊያስረክብ ይችላል። ከከተማ ውጭ የሚያስቆመው ፖሊስ ግን የሚመለከተው የሠራተኛውን ቅንነት ሳይሆን ሕጉን ነው፤ ቅጣቱም የሚጻፈው በአሽከርካሪው እንጂ በአከራዩ ላይ አይደለም።

በጀርመንም ሥርዓቱ ተቀራራቢ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠና በጀርመንኛ ያልተጻፈ መንጃ ፈቃድ በአጠቃላይ ትርጉም ወይም ዓለም አቀፍ ደብተር ይጠየቅበታል። ከዚህ ነፃ የተደረጉ የተወሰኑ አገሮች አሉ። ትርጉሙን ማንም በእጁ ጽፎ የሚያመጣው ሳይሆን ሥልጣን ባለው ተርጓሚ ወይም አዳክ በሚባለው የታወቀ የአውቶሞቢል ማኅበር የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ወደ ዱባይ የሚመላለሰው ነጋዴ የሚገጥመው ሌላ ዓይነት አሠራር ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ስም ዝርዝራቸው የተለየ አገሮችን መንጃ ፈቃድ ለጎብኚዎች ያለ ተጨማሪ ሰነድ ይቀበላሉ። ከነዚህም መካከል የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት አባላት ይገኙበታል። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ አገር መንጃ ፈቃድ የያዘ ጎብኚ ዓለም አቀፉን ደብተር እንዲያቀርብ ይጠየቃል። በአገሩ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ግን በጎብኚነት ሊስተናገድ አይችልም፤ የአገሩን መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል።

በቻይና ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጓንዡና ዪዉ ለኢትዮጵያ አስመጪዎች የታወቁ ገበያዎች ናቸው። ሆኖም በዋናው የቻይና ምድር ዓለም አቀፉ ደብተር ከነጭራሹ ተቀባይነት የለውም። ለአጭር ጊዜ የገባ የውጭ ዜጋ ለመንዳት ከፈለገ ከትራፊክ ባለሥልጣኑ ዘንድ መንጃ ፈቃዱን ከቻይንኛ ትርጉም ጋር አቅርቦ ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ይህም ከ3 ወር አያልፍም። ለአምስት ቀን የዕቃ ግዢ ለሄደ ሰው መኪና ከነሾፌሩ መያዙ በሁሉም መለኪያ የተሻለ ነው።

የጃፓን ሕግ የስምምነቶቹን ልዩነት አጉልቶ የሚያሳይ ነው። ጃፓን የምትቀበለው በ1949ኙ ስምምነት መሠረት የተሰጠውን ደብተር ብቻ ነው። ለምሳሌ በጀርመን የሚኖርና የጀርመን መንጃ ፈቃድ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በጀርመን የሚሰጠውን ደብተር ይዞ ቶኪዮ ቢደርስ አይሠራለትም። ጃፓን ለጀርመን፣ ለፈረንሳይ፣ ለስዊዘርላንድና ለጥቂት ሌሎች መንጃ ፈቃዶች ያበጀችው መንገድ የታወቀ የጃፓንኛ ትርጉም ከዋናው ጋር ማቅረብን ነው። አንዱ አገር የናቀውን ሰነድ ሌላው የሚፈልገው መሆኑ ግራ ቢያጋባም፣ ምክንያቱ የስምምነት አባልነት እንጂ የሰነዱ ጥራት አይደለም።

ደቡብ አፍሪካ በአንጻሩ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ቀለል ያለች ናት። ሕጉ የውጭ መንጃ ፈቃድ በእንግሊዝኛ እንዲሆን፣ የባለቤቱ ፎቶግራፍና ፊርማ ያለበት እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህን የማያሟላ ደግሞ ደብተሩን ወይም የተረጋገጠ ትርጉም ያቀርባል። እዚያ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ኬንያና እንደ እንግሊዝ ሁሉ የሚነዳው በግራ ነው።

በአሜሪካ አንድ ወጥ ሕግ የለም። መንጃ ፈቃድን የሚመለከተው ጉዳይ የየክፍለ ግዛቱ ነው። አንዳንዱ ክፍለ ግዛት የጎብኚውን መንጃ ፈቃድ ብቻ ሲቀበል፣ ሌላው ዓለም አቀፉን ደብተር ይጨምራል። ከቨርጂኒያ ተነስቶ ሌሎች ክፍላተ ግዛቶችን አቋርጦ የሚነዳ ሰው የሚያልፍባቸውን ሁሉ ሕግ ማወቅ ይገባዋል። አሜሪካ ለውጭ ጎብኚ ደብተሩን አትሰጥም፤ ጎብኚው ከአገሩ ሳይወጣ ማግኘት አለበት። ይህ ለአሜሪካ ብቻ የተለየ አይደለም። ደብተሩ ከዋናው መንጃ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መዳረሻው ላይ ደርሶ ‹‹እዚሁ አወጣለሁ›› ማለት በአብዛኛው ባዶ ተስፋ ነው።

የአከራዩ ቅድመ ሁኔታ

ሕጉ የሚለውን ያሟላ ተከራይ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። አከራዩ ንብረቱን የሚያስረክብ ነጋዴ እንደመሆኑ ከሕጉ በላይ የመጠየቅ መብት አለው። በአውሮፓ ብዙ አከራዮች መንጃ ፈቃዱ ቢያንስ 1 ዓመት የቆየ እንዲሆን ይፈልጋሉ። በአሜሪካ ትልልቆቹ አከራዮች በአብዛኛው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አያከራዩም፤ 25 ዓመት ላልሞላውም በየቀኑ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ቅንጡና ትልልቅ መኪኖች ደግሞ ከፍ ያለ ዕድሜ ይጠየቅባቸዋል።

የመኪናውም ዓይነት ይታያል። በቪየናው ስምምነት ምድብ መሠረት የተራ አውቶሞቢል ፈቃድ የሚሸፍነው ከሾፌሩ ሌላ እስከ 8 መቀመጫ ያለውንና ጠቅላላ ክብደቱ ከ3,500 ኪሎ ግራም የማይበልጠውን ተሽከርካሪ ነው። አሥር ሆነው ለትርዒት የሄዱ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ትልቅ ሚኒባስ ለመከራየት ቢያስቡ፣ ከመካከላቸው የአውቶሞቢል ፈቃድ ያለው ሊነዳው አይችልም።

ሌላው መያዣ ነው። አከራዮች በተከራዩ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ይፈልጋሉ፤ በካርዱም ላይ ለመያዣ የሚሆን ገንዘብ ያግዳሉ። ይህ ገንዘብ ወጪ ባይሆንም እስኪለቀቅ ድረስ አይንቀሳቀስም። ለጉዞው የተፈቀደለት የውጭ ምንዛሪ ውስን የሆነ ነጋዴ፣ ለሆቴልና ለናሙና መግዣ ያሰበው ገንዘብ ታግዶ ሊያድር ይችላል። አንዳንዶቹ አከራዮች አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበትን ካርድ ከነጭራሹ አይቀበሉም። በካርዱ ላይ ያለው ስም ከአሽከርካሪው ስም የተለየ ከሆነም ኪራዩ ይቀራል፤ አስቀድሞ የተከፈለውም ላይመለስ ይችላል።

ተጨማሪ አሽከርካሪም ችላ የሚባል ጉዳይ ነው። በውሉ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ሰው መንጃ ፈቃድ ቢኖረውም ለውሉ ባዕድ ነው። ‹‹ደክሞኛል፣ አንተ ንዳ›› ብሎ መሪውን ለጓደኛ መልቀቅ የኢንሹራንሱን ሽፋን ሊያስቀር የሚችል ድርጊት ነው።

ሒሳቡ የሚወራረደው በአደጋ ቀን ነው

የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የኪራይ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሽፋን ይኖረዋል። አንደኛው እዚህም ‹‹ሦስተኛ ወገን›› ተብሎ የሚታወቀው ሲሆን ለሌላ ሰው አካልና ንብረት ጉዳት የሚከፈል ነው። ሁለተኛው ራሱ የኪራይ መኪናው ሲጎዳ አከራዩ ከተከራዩ የሚጠይቀውን ገንዘብ የሚገድብ ስምምነት ነው። በዚህ ሁለተኛው መሠረት ተከራዩ ከተወሰነ ልክ በላይ አይጠየቅም። ይህ ልክ በኢንሹራንስ ሠራተኞች አነጋገር ‹‹ኤክሰስ›› ይባላል።

ሁለቱም ሽፋኖች በአንድ ምሰሶ ላይ ቆመዋል። አሽከርካሪው በአገሩ ሕግ ለመንዳት የሚያስችል የጸና ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። የኪራይ ውሎች ይህን በግልጽ ይጽፋሉ። ውሉን ሲፈርም ተከራዩ ፈቃዱ ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጧል ማለት ነው። ‹‹ሠራተኛው አይቶ ሰጠኝ›› የሚለው መከራከሪያ ደካማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ለተጎጂው የተደረገው ጥበቃ ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኅብረቱ የሞተር ኢንሹራንስ መመሪያ በአንቀጽ 13 ላይ፣ አሽከርካሪው ለተሽከርካሪው የሚሆን ፈቃድ የሌለው መሆኑን ምክንያት አድርጎ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው ሦስተኛ ወገን ከመክፈል ሊያመልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ ለተጎጂው መልካም ዜና ነው። ለአሽከርካሪው ግን ጉዳዩ በዚህ አያበቃም፤ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ፊቱን ወደ አሽከርካሪው አዙሮ የከፈለውን መልስ ሊለው ይችላል።

ለስሌት ያህል ግምታዊ ቁጥሮች እንውሰድ። አንድ አስመጪ መኪና በቀን በ45 ዩሮ ለ6 ቀን ይከራያል፤ ጠቅላላ ኪራዩ 270 ዩሮ ነው። ኤክሰሱ 1,500 ዩሮ ይሁን። አደጋ ደርሶ በኪራይ መኪናው ላይ የ7,000፣ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ደግሞ የ12,000 ዩሮ ጉዳት ቢደርስ፣ ሰነዱ የተሟላለት ተከራይ ከኪሱ የሚያወጣው 1,500 ዩሮ ነው። ሰነዱ የጎደለው ተከራይ በአንጻሩ ለጠቅላላው 19,000 ዩሮ ሊጠየቅ ይችላል። ይህም ከኪራዩ 70 እጥፍ ይበልጣል።

የሁለቱ ልዩነት 17,500 ዩሮ ነው። የተረጋገጠ ትርጉም ለማሠራት 60 ዩሮ ይወጣል ቢባል፣ ይህ ወጪ አዋጪ የሚሆነው እንዲህ ያለ አደጋ ከ292 ጉዞዎች በአንዱ እንኳ የሚደርስ ከሆነ ነው። ‹‹እኔን አይደርስብኝም›› የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚያሳየው የአማካዩን ሒሳብ ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ኩባንያ 19,000 ዩሮ ከፍሎ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል፤ በአነስተኛ ካፒታል የሚንቀሳቀስ አስመጪ ግን በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ዕዳ ቢወድቅበት ሱቁ ሊዘጋ ይችላል። በተለይም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚቆጠር ዕዳ በብር ሲመነዘር ሸክሙ ምን ያህል እንደከበደ ነጋዴው ጠንቅቆ ያውቀዋል።

የስምና የቀን ጣጣ

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ብቻ የሚገጥሙ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። የኢትዮጵያ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሲሆን፣ በውጭ አገር አሠራር ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይወሰዳል። ፓስፖርቱ ላይ ሦስቱም ስሞች ሰፍረው ባንክ ካርዱ ላይ ሁለቱ ብቻ ሊኖሩ ይችላሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ያው አንዱ ስም በመንጃ ፈቃዱ ላይ በአንድ ‹‹ኤስ››፣ በፓስፖርቱ ላይ በሁለት ‹‹ኤስ›› ተጽፎ ይገኛል። ለአዲስ አበባ ሠራተኛ ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ኮምፒዩተር ላይ ፊደል በፊደል ለሚያመሳክር የውጭ አገር ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቦታ ሲያዝ ስሙን በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው አድርጎ መስጠት፣ የመንጃ ፈቃዱ አጻጻፍ የተለየ ከሆነም በሚታደስበት ጊዜ ከፓስፖርቱ ጋር እንዲመሳሰል ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በመንጃ ፈቃድ ወይም በደጋፊ ማስረጃ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰፍሮ ከሆነ፣ የውጭ አገሩ ሠራተኛ በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር እስከ 2019 የሚያገለግል ሰነድ ለእሱ ዓመታት ያለፉት ሰነድ ነው። በቃል ማስረዳቱ አንዳንዴ ይሠራል፤ በጽሑፍ የተረጋገጠ ትርጉም ግን ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ስለሚያሳይ ክርክሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ትርጉሙ ሲሠራ ይህ መካተቱን ማረጋገጥ የባለጉዳዩ ፋንታ ነው።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው

ደብተሩ ተፈላጊ በመሆኑ ሐሰተኛውን የሚሸጡም በዝተዋል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ሐሰተኛ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ በሚሸጡ ላይ እርምጃ መውሰዱን አስታውቆ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ችግሩ ዛሬም አልጠፋም። ሐሰተኛውን ለይቶ ለማወቅ የሚረዱ ምልክቶች ግን አሉ።

አንደኛ፣ እውነተኛው ደብተር እንጂ የፕላስቲክ ካርድ ብቻ አይደለም። በቪየናው ስምምነት መሠረት ሽፋኑ ግራጫ፣ የውስጥ ገጾቹ ነጭ፣ መጠኑም 148 በ105 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ከ3 ዓመት አይበልጥም፤ ‹‹የ10 ዓመት›› እየተባለ የሚሸጥ ካለ ሐሰተኛ ነው። ሦስተኛ፣ ዋና መንጃ ፈቃድ ለሌለው ወይም ለተነጠቀ ሰው አይሰጥም። አራተኛ፣ የሚሰጠው መንግሥት ወይም መንግሥት ውክልና የሰጠው ማኅበር ነው።

ዋጋውም ራሱ ይናገራል። በአሜሪካ ውክልና ያለው የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የሚያስከፍለው 20 ዶላር ሲሆን፣ በእንግሊዝ ደግሞ 5 ፓውንድ ከ50 ነው። ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚጠይቅ ነጋዴ የሚሸጠው የመንዳት መብትን ሳይሆን ወረቀትን ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ለፖሊስ ማቅረብ ደግሞ ከሰነድ ጉድለት ተሻግሮ ወደ ወንጀል ይገባል።

ለነዋሪና ለጎብኚ ሕጉ አንድ አይደለም

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት አንድ ነጥብ መነሳት አለበት። እስካሁን የተባለው ሁሉ ለጎብኚ ነው። ሰው ጎብኚነቱ አብቅቶ ነዋሪ ሲሆን ሕጉ ይለወጣል። ጀርመን ውስጥ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ነዋሪነት ከተጀመረ በኋላ የሚያገለግለው በአጠቃላይ ለ6 ወር ነው። በእንግሊዝ ደግሞ በአጠቃላይ ለ12 ወር ነው። በኤምሬቶች የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው በጎብኚ ሰነድ መንዳት እንደማይችል ከላይ ተገልጿል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ዓለም አቀፉን ደብተር ማሳደስ መብቱን አይመልስም። ከአገር ቤት ደብተሩን በየዓመቱ እያስላከ የሚነዳ ነዋሪ፣ በእጁ ያለው ወረቀት አዲስ ቢሆንም መብቱ ያረጀ ነው።

ከመነሳት በፊት

እንግዲህ መንገደኛው ምን ያድርግ? የመጀመሪያው እርምጃ ከጉዞው በፊት፣ ቢቻል ከአንድ ወር በፊት፣ የመዳረሻውን አገር ኤምባሲ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ግልጽ ይሁን፤ ‹‹በኢትዮጵያ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ የያዘ ጎብኚ ለመንዳት ምን ተጨማሪ ሰነድ ያስፈልገዋል? የትኛው ስምምነት ደብተር? ወይስ ትርጉም? ትርጉሙንስ ማን ያረጋግጠው?›› ከዚያም ደብተር የሚያስፈልግ ከሆነ መንጃ ፈቃዱን የሰጠውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል። ትርጉም የሚያስፈልግ ከሆነም ማረጋገጫው ጊዜ እንደሚወስድ ታስቦ አስቀድሞ መጀመር አለበት።

ሁለተኛው እርምጃ ለአከራዩ በጽሑፍ መጻፍ ነው። የመንጃ ፈቃዱን ዓይነት፣ የወጣበትን አገር፣ የአሽከርካሪውን ዕድሜና የካርዱን ዓይነት ገልጾ ‹‹በእነዚህ ታከራዩኛላችሁ ወይ? የመያዣው መጠን ስንት ነው?›› ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም አትሞ መያዝ ነው። መልሱ ሕጉን ባይተካም ከቁልፍ መረከቢያው መስኮት ላይ የሚነሳ ክርክርን ይቀንሳል።

ሦስተኛው የኢንሹራንሱን አንቀጽ ማንበብ ነው። ኤክሰሱ ስንት ነው? ሽፋኑ የሚቀረው በምን በምን ምክንያት ነው? ተጨማሪ አሽከርካሪ ተመዝግቧል? እነዚህ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ መስመሮች ከዕለታዊ ኪራዩ ይልቅ የጉዞውን እውነተኛ ዋጋ ይናገራሉ።

ሰነዱ በጊዜው ሊሟላ ካልቻለ ደግሞ መንዳቱን መተው ኪሳራ አይደለም። ከላይ በተወሰደው ምሳሌ መኪና ከነሾፌሩ በቀን 200 ዩሮ ቢያስከፍል ለ6 ቀን 1,200 ዩሮ ይሆናል። ራስን ችሎ ከመንዳት በ930 ዩሮ ይበልጣል። ይህ 930 ዩሮ የሚያስቆጭ ቢመስልም፣ 19,000 ዩሮ ዕዳ ሊያመጣ የሚችልን አደጋ ለሌላው ማሸከሚያ ዋጋ ነው። ከባልደረቦች ጋር ከተካፈሉትም ይቀላል።

በውጭ ንግድ የቆየ ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ የጭነት ሰነዱን፣ የመነሻ አገር ማስረጃውንና የኢንሹራንሱን ወረቀት አንድ በአንድ አመሳክሮ፣ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ባንክ እንደማይከፍል ስለሚያውቅ እስክትስተካከል ይጠብቃል። መኪና ሲከራይም ሥርዓቱ ያው ነው። መንጃ ፈቃዱ፣ ትርጉሙ፣ ፓስፖርቱ፣ ካርዱና ውሉ እርስ በርስ ሊስማሙ ይገባል። ካልተስማሙ ቁልፉ በእጅ ቢገባም የመኪናው አደጋ ሁሉ በተከራዩ ጫንቃ ላይ ነው።